የአደጋ እርዳታ ከማሳ እስከ ፔሮል፦ ለሰሜን ሸዋ ገበሬ፣ ለልጁና ለቀበሌ ኮሚቴ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

መንዝ ላይ ውርጭ ገብሱን ያቃጥላል። ሞረትና ጅሩ ላይ በረዶ ስንዴውን ቆሞ ሳለ ይወቃዋል። ቀወት ላይ ደግሞ የሮቢ ወንዝ ሲሞላ ማሾው በደለል ይቀበራል። አደጋው እንደ አገሩ ይለያያል፤ ከወራት በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ግን ያው ነው፦ «መጣ የተባለው እርዳታ ማን ዘንድ ገባ?»

ጥያቄው መልስ የሚያገኘው በወረቀት ነው። እርዳታ ከማሳ ተነስቶ እጃችሁ እስኪገባ አራት ወረቀት ያልፋል፦ የጉዳት መዝገብ፣ የተለዩ ተጠቃሚዎች ዝርዝር፣ ፔሮል (የክፍያ ዝርዝር) ወይም የእደላ መዝገብ፣ በመጨረሻም ተቀባዩ የፈረመበት መቀበያ። ስም የሚጠፋው ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ሲገለበጥ ነው፤ የማያገባው ስም ሾልኮ የሚገባውም እዚያው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ አራቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ለማስቀመጥ የሚደረግ ሥራ ነው። ይህን በስልክ የሚያነበው ገበሬው ሳይሆን ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ያለ ልጁ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆን ግድ የለም፤ ከሥራው ግማሹ በስልክ የሚሠራ ነው።

አስቀድሞ፦ የሚመጣው ካሳ አይደለም

ብዙ ቅሬታ የሚነሳው ከዚህ ስለሆነ መጀመሪያ ይለይ። መንግሥት በበረዶ ለጠፋ ሰብል የሰብሉን ዋጋ አስልቶ አይተካም። የአደጋ ጊዜ እርዳታ የሚሰላው በጠፋው እህል ሳይሆን በቤተሰቡ የምግብ ክፍተት ነው። አሥር ጥማድ የጠፋበት ግን ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው ላይገባ ይችላል። ሁለት ጥማድ ብቻ የነበረው፣ እሱም የጠፋበት ሰው ይገባል። «እኔ ይበልጥ ተጎድቼ ለእሱ ተሰጠ» የሚል አቤቱታ በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ይወድቃል። አቤቱታው መቆም ያለበት «የእኔ ቤት ከዚህ ወር በኋላ የሚበላው የለውም» በሚለው ላይ ነው።

ወደ ቀበሌ የሚደርሰው እርዳታ በአብዛኛው አራት ዓይነት ነው። አንደኛው የአደጋ ጊዜ ቀለብ ወይም በምትኩ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ ነው። የተለመደው የአንድ ሰው የወር ቀለብ 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። ሁለተኛው ከ1997 ጀምሮ የቆየው፣ በየዓመቱ ቀለብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች የሚሆነው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው፤ በሁሉም ወረዳ የለም፣ ባለበትም ቋሚ ተጠቃሚ ላልሆኑ ሰዎች በክፉ ጊዜ የሚሰፋበት አሠራር አለው። ሦስተኛው ዘር ነው። አራተኛው ከመዋጮ፣ ከባለሀብትና ከውጭ አገር ነዋሪዎች የሚሰበሰብ የአንድ ጊዜ ድጋፍ ነው። ይህ አራተኛው በፍጥነት ይደርሳል፣ ወረቀቱ ግን ከሁሉም የሳሳ ነው፤ ጥንቃቄውም ለእሱ ይብሳል።

እያንዳንዱ የየራሱ ዝርዝር አለው። «ስሜ አለ ተብዬ ነበር» የሚል ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛው ዝርዝር ላይ እንደሆነ ነው።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

አደጋው በደረሰ በማግስቱ ለቀበሌው ግብርና ባለሙያና ለጎጥ ተጠሪው አስታውቁ። በቃል ከነገራችሁ በኋላ የነገራችሁበትን ቀንና የሰውየውን የሥራ ድርሻ በደብተር ጻፉ። አንድ መስመር ይበቃል።

ፎቶ አንሱ። የተጎዳ ዛላ ብቻ ያለበት ፎቶ የማን ማሳ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ሦስት ፎቶ ይነሳ፦ አንዱ ከሩቅ፣ ኮረብታ ወይም ቤተ ክርስቲያን ወይም የታወቀ ዛፍ ከኋላው የሚታይበት፤ ሁለተኛው የማሳው ጥግ ከወሰን ድንጋዩ ጋር፤ ሦስተኛው ዛላው በቅርብ፣ አጠገቡ እጅ ወይም ማጭድ ተይዞ መጠኑ እንዲታወቅ። ስልኩ የሚመዘግበው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የቀበሌው ቅጽ ደግሞ በእኛ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉ። በዚህ ልዩነት የተነሳ ፎቶው «ከአደጋው በፊት የተነሳ ነው» ሊባል ይችላል።

የተጎዳውን ማሳ ለከብት አትልቀቁ፣ አትጨዱትም። መኖ ሲያጥር ፈተናው ከባድ ነው፤ የበቆሎ አገዳም ሆነ የገብስ ገለባ በዚያ ሰሞን ዋጋ አለው። የግድ ከሆነ በማሳው አምስት ቦታ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር እያስቀራችሁ ሌላውን ልቀቁ። እሾህ አጥሩበት።

ደረጃ 2፦ ጉዳቱን በሚዛን መለካት

«ሙሉ በሙሉ ወደመ» የሚለው ቃል በየቀበሌው ስለሚጻፍ ወረዳ ላይ ማንም አያምነውም። በሚዛን የመጣ ቁጥር ግን ይከበራል። የሚያስፈልገው አራት ካስማ፣ ገመድ፣ ማጭድ፣ ከረጢትና ግራም የሚያሳይ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑን ከሱቅ ወይም ከጤና ኬላ መዋስ ይቻላል።

መቼ ይለካ የሚለው ከአለካኩ ይበልጣል። በረዶ የመታው ገብስ ገና በማቆጥቆጥ ላይ ከነበረ ከሥሩ ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ በማግስቱ የተገመተ ጉዳት በኋላ ውሸት ይመስላል። ከ7 እስከ 10 ቀን ጠብቁ። አሽቶ አገዳው የተሰበረው ግን አይነሳም። ውርጭ ደግሞ ተቃራኒ ነው፦ ቅጠሉ ሳይጎዳ ፍሬው ይሞታል። ከሩቅ ያማረ ገብስ ዛላውን ቀጥ አድርጎ ቆሞ ነጣ ካለ፣ ፍሬውን በጥፍር ጨመቅ አድርጉት፤ ወተት ከሌለው ባዶ ነው። ባለሙያው መንገድ ላይ ቆሞ «ደህና ነው» ብሎ የሚያልፈው እንዲህ ያለውን ማሳ ነውና ማሳው ውስጥ አስገብታችሁ አስጨምቁት። በጎርፍ ጊዜ ውኃው የቆመባቸውን ቀናትና የደለሉን ውፍረት በስንዝር ለኩ፤ አንድ ስንዝር አሸዋ የለበሰ መሬት የዘንድሮ ብቻ ሳይሆን የከርሞም ጉዳት ስለሆነ ለብቻ ይጻፍ።

አለካኩ ይህ ነው። ከማሳው አንድ ጥግ ወደ ትይዩው ጥግ ሰያፍ ሂዱ። ከወሰኑ ቢያንስ አምስት እርምጃ ገብታችሁ ድንጋይ ወደ ኋላችሁ ወርውሩ፤ የወደቀበት ቦታ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይካለል። ቦታውን በዓይን ከመረጣችሁ ሳታስቡት የከፋውን ትመርጣላችሁ፣ ባለሙያው ደግሞ የተሻለውን ይመርጣል፤ ድንጋዩ ሁለታችሁንም ያስታርቃል። እንዲህ አምስት ቦታ ይታጨድ፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ በእጅ ይፈልፈል፣ ይመዘን፣ አማካዩ ይውጣ።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከአንድ ካሬ ሜትር የተገኘው ግራም በ2.5 ሲባዛ በጥማድ (በሩብ ሄክታር) የሚገኘው ኪሎ ይወጣል። ለምሳሌ ከተጎዳው ማሳ 45 ግራም ተገኘ እንበል። ካልተጎዳ የጎረቤት ማሳ፣ በዚያው ሰብልና በዚያው ዘር፣ 180 ግራም ተገኘ። ልዩነቱ 135 ግራም ነው፤ በ2.5 ሲባዛ በጥማድ 337.5 ኪሎ ጠፍቷል፣ ከመቶ 75 እጅ ማለት ነው። ሁለት ጥማድ ከሆነ 6 ኩንታል ከ75 ኪሎ ይሆናል። ማወዳደሪያው ያልተጎዳ ማሳ ይሁን እንጂ «አምና ይህን ያህል አግኝቼ ነበር» የሚል ትዝታ አይሁን፤ አምና ማስረጃ የለውም።

ከዚያ ክፍተቱ ይሰላ። ስድስት ሰው ያለበት ቤት በወር 90 ኪሎ እህል ይበላል (15 በ6)። ጎተራ የቀረው 2 ኩንታል ከ70 ኪሎ ከሆነ ሦስት ወር ያደርሳል። ከኅዳር ጀምሮ ሲቆጠር የካቲት ላይ ያልቃል፤ በልግ የሚያበቅል አካባቢ ካልሆነ ከየካቲት እስከ ቀጣዩ መኸር ክፍተት አለ። ዘሩንም ለብቻ አስቡ፤ ለአንድ ጥማድ ገብስ ከ25 እስከ 31 ኪሎ ዘር ያስፈልጋል። ጎተራ የቀረው ዘርን ጨምሮ ከሆነ ይህን ተናገሩ፣ አለበለዚያ ዘራችሁ እንደ ቀለብ ይቆጠርባችኋል።

ደረጃ 3፦ ጉዳቱን በቀበሌ መዝገብ ማስገባት

በዞኑ የበልግ ምርት ግምገማ ሰኔ አካባቢ፣ የመኸሩ ደግሞ ኅዳር አካባቢ ይካሄዳል። የግምገማ ቡድን ሁሉንም ቀበሌ አይዞርም፤ ጥቂት ናሙና አይቶ ለቀረው የወረዳውን ወረቀት ይወስዳል። ስለዚህ ከግምገማው በፊት ያልተመዘገበ ጉዳት እንዳልደረሰ ነው የሚቆጠረው።

ስትመዘገቡ እነዚህ መሟላታቸውን እዩ፦ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ጎጥ፣ የአረንጓዴ ደብተር (የመሬት ይዞታ ደብተር) ቁጥር፣ ሰብልና ጥማድ፣ የጉዳት መጠን፣ የቤተሰብ ብዛት በፆታና በዕድሜ፣ አደጋው የደረሰበት ቀን። ስሙ በመታወቂያው ወይም በፋይዳ ላይ እንዳለው ይጻፍ። ቤት ውስጥ የሚጠሩበት ስም፣ የክርስትና ስም፣ ወይም የአባት ስም ሌላ አጻጻፍ በኋላ ክፍያ ላይ ያጣላል። የባንክ ወይም የቴሌብር ሒሳቡ የላቲን አጻጻፍም ከፋይዳው ጋር አንድ መሆኑን ልጆቹ አስቀድመው ይመልከቱ፤ አንድ ፊደል ተዛብቶ ክፍያው ተመልሶ የሄደበት ሰው ጥፋቱን ለማቃናት ወራት ይፈጅበታል።

እኩል ወይም ሲሶ አራሽ የሆነ ሰው በብዛት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ደብተሩ የባለ መሬቱ ስለሆነ መዝጋቢው የባለ መሬቱን ስም ብቻ ይጽፋል፤ ዘር ያወጣውና ጉልበቱን ያፈሰሰው አራሽ ግን ይቀራል። መለኪያው የቤት ክፍተት እንጂ የመሬት ባለቤትነት አይደለምና አራሹም በራሱ ቤተሰብ ይመዝገብ፤ ጉዳቱ ደግሞ እንደ ድርሻቸው ይከፈል። መሬት ያላገኙ አዲስ ጎጆ ወጪዎችና ባላቸው ከተማ የሄደባቸው ሴቶችም እንዲሁ ይረሳሉ።

የተመዘገባችሁበትን ተራ ቁጥር ጠይቃችሁ ያዙ። ከተፈቀደ ያን መስመር በስልክ አንሱ፤ ካልተፈቀደ ተራ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የመዝጋቢውን የሥራ ድርሻ ጻፉ።

ደረጃ 4፦ የልየታው ስብሰባ

ከተመዘገቡት መካከል ተጠቃሚ የሚለዩት የጎጡና የቀበሌው ግብረ ኃይሎች ናቸው። ይህን ስብሰባ አትቅሩ፤ ከክፍያው ቀን ይልቅ ይህ ቀን ይበልጣል። አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ የቀበሌው ኮታ ስንት ሰው ነው? መስፈርቱ ምንድን ነው? ግብረ ኃይሉ ውስጥ እነማን አሉ? ኮታው ሳይነገር ስም ከተጠራ፣ ከኮታው ተቀንሶ የቀረውን ማንም አያውቀውም።

ኮታው ሁልጊዜ ከተጎጂው ቁጥር ያነሰ ነው። እዚህ ላይ «ለሁሉም እኩል እናካፍል» የሚለው ሐሳብ ይነሳል፤ አገራችን ለክፉ ቀን የሚካፈል አገር ስለሆነ ብዙ ሰው ይስማማል። በጎነቱ ይገባናል፤ ውጤቱ ግን ሲታይ የ15 ኪሎው ቀለብ 6 ኪሎ ይሆናል፣ ባዶ ጎተራ ያለው ሰው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ያልቅበታል፣ ወረቀቱም ሐሰት ይሆናል፤ ምክንያቱም ፔሮል ላይ የፈረመው ሰው ያልወሰደውን ወሰድኩ ብሎ ፈርሟል። በኋላ ኦዲት ሲመጣ የሚከሰሰው ኮሚቴው ነው። ማካፈል የፈለገ ከተቀበለ በኋላ በፈቃዱ በዕድር ወይም በሰንበቴ ያካፍል፤ እደላው ግን ዝርዝሩ እንደሚለው ይሁን።

የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ላይ ከመጨረሻው ስም በታች መስመር ተሰምሮ ጠቅላላው በአኃዝና በፊደል ይጻፍ፤ ለምሳሌ «143 (አንድ መቶ አርባ ሦስት) አባወራና እማወራ፣ 640 (ስድስት መቶ አርባ) ሰው» ተብሎ። ሌሊት ሦስት ስም ተጨምሮ የሚያድረው ይህ መስመር በሌለበት ነው።

ደረጃ 5፦ ዝርዝሩን መለጠፍና ማንበብ

በሴፍቲኔት አሠራር የተጠቃሚዎች ዝርዝር በሕዝብ ቦታ ይለጠፋል፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም ይቋቋማል። በሌላው እርዳታም ይህንኑ ጠይቁ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል።

የት ይለጠፍ? ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት በሩ ሲቆለፍ አይታይም። ከውጭ፣ ዝናብ በማይነካው ጣሪያ ሥር ይሁን። ማንበብ የማይችለው ብዙ ነውና በቃልም ይነበብ፦ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቀወትና ኤፍራታና ግድም ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች ከጁምዓ በኋላ፣ በገበያ ቀን። ቢያንስ ሁለት እሁድ ተለጥፎ ይቆይ።

የሚለጠፈው ስም፣ ጎጥ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የሚሰጠው መጠንና የወራቱ ብዛት ነው። የስልክ ቁጥር፣ የሒሳብ ቁጥርና የፋይዳ ቁጥር አይለጠፍም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ ብቻ አይደለም፤ አጭበርባሪዎች «እርዳታህ ገብቷል፣ ሚስጥር ቁጥርህን ንገረኝ» ብለው የሚደውሉት ከእንዲህ ያለ ወረቀት ስልክ ለቅመው ነው። «ግልጽነት ካላችሁ ሁሉንም ለጥፉ» የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት። በተቃራኒው «የግል መረጃ ነው» ብሎ ስሙንም መጠኑንም የሚደብቅ ኃላፊም ትክክል አይደለም።

ዝርዝሩን ስታዩ በመጀመሪያ ሟቾችን ፈልጉ። ቀጥሎ ቀበሌውን ለቅቀው የሄዱትን፤ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብተው ኑሯቸውን ያደረጉትን። ከዚያ አንድ ቤት በባልና በሚስት ስም ሁለት ጊዜ የገባበትን፣ ሦስት ሰው ያለበት ቤት ሰባት የሆነበትን። የኮሚቴ ዘመድ መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ መንዝ ላይ ዝምድና የሌለው ማን አለ? ጥፋቱ ዘመዱ ከመስፈርቱ በላይ ሆኖ መገኘቱ ነውና በሬውንና ጎተራውን እንጂ ዘመድነቱን አትጥሩ።

ደረጃ 6፦ የእደላና የክፍያ ቀን

እህል ከሆነ መኪናው ሲራገፍ ጆንያ ቁጠሩ። በሕዝብ እጅ ካሉት መቆጣጠሪያዎች ሁሉ ቀላሉና ጠንካራው ይህ ነው። በላይኛው ምሳሌ 640 ሰው በ15 ኪሎ ሲባዛ 9,600 ኪሎ ነው፤ ማለትም 96 ኩንታል፣ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ 192። ጥራጥሬው 960 ኪሎ፣ ዘይቱ 288 ሊትር ይሆናል። ከወረዳ መጋዘን ሲወጣ በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ሰነድ) ይወጣል፤ ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ። ሁለት ሽማግሌና አንድ ተማሪ ተመድበው የተራገፈውን ይቁጠሩ፣ ያንኑ ቀን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጻፉት። የተቀደደ ወይም የረጠበ ጆንያ ካለ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት፤ ያለ ቃለ ጉባኤ «መንገድ ላይ ፈሰሰ» የሚባል ነገር አይኑር።

ጆንያ ለአሥር ሰው በቡድን ከተሰጠ ሦስት ጆንያ ልክ 150 ኪሎ ነው። በጣሳ ስፍር ሲካፈል ግን ኪሎው ይሸሻል፦ አንድ ጣሳ ስንዴና አንድ ጣሳ በቆሎ አንድ ዓይነት አይመዝኑም። ጣሳው አንድ ጊዜ በሚዛን ተመዝኖ ውጤቱ ለሁሉም ይነገር።

ገንዘብ ከሆነ በቴሌብር ሲገባ ከ127 መልእክት ይመጣል፤ መልእክቱን አታጥፉ። ሚስጥር ቁጥር ለወኪልም፣ ለጎጥ ተጠሪም፣ «ላግዝህ» ለሚል ጎረምሳም አይነገርም። በስልካችሁ መልእክት መግባቱ ገንዘቡ ከእነ ሙሉ መጠኑ መግባቱ ስላልሆነ ቀሪ ሒሳቡን እዩ። በባንክ ወይም በጸደይ ባንክ (በቀድሞው አብቁተ) ከሆነ የተከፈለውን ብር ከመስኮቱ ሳትለቁ ቁጠሩ።

ከክፍያው ላይ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብር፣ የስፖርት ወይም የመንገድ መዋጮ አይቆረጥም። ዕዳው እውነተኛ ቢሆንም በሌላ ቀን፣ በራሱ ደረሰኝ ይከፈላል። ጠረጴዛው ላይ ገንዘብ ከፋዩና መዋጮ ሰብሳቢው ጎን ለጎን ከተቀመጡ ይህ ራሱ ስሕተት ነው፤ ተነሱልን በሉ።

ባዶ ወይም በእርሳስ የተጻፈ ፔሮል ላይ አትፈርሙ፣ ጣትም አትንከሩ። መፈረም ያለባችሁ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ወርና መጠን በቀለም ከተሞሉ በኋላ ነው። የሁለት ወር ክፍያ አንድ ላይ ሲመጣ ሁለት ፊርማ ይኑር፤ በአንድ ፊርማ ሁለት ወር ሲጻፍ አንዱ ወር ሊጠፋ ይችላል። ታሞ ወይም አርጅቶ መምጣት ላልቻለ ሰው ወኪሉ በስሙ አይፈርምም፤ በራሱ ስም ፈርሞ «በውክልና» ይጽፋል።

ደረጃ 7፦ አራቱን ወረቀት ማስተያየት

ከክፍያው በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ሠንጠረዥ ሥሩ፤ የደብተር ሁለት ገጽ ይበቃል። በመደዳው ስም፣ በአምዱ አራቱ ወረቀቶች። እያንዳንዱ ስም በስንቱ ላይ እንዳለ ምልክት አድርጉ። ጉዳት መዝገብ ላይ ኖሮ ዝርዝር ላይ የሌለ በልየታ የወደቀ ነው፤ ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ አለ ወይ? ዝርዝር ላይ ኖሮ ፔሮል ላይ የሌለ ሲገለበጥ የወደቀ ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የጸሐፊ ስሕተት ስለሆነ በቶሎ ይስተካከላል። ፔሮል ላይ ኖሮ ዝርዝር ላይ ያልነበረ ስም ግን በስሕተት አይገባም፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ፊርማ ያለበት፣ ባለቤቱ ግን አልወሰድኩም የሚለው ስም ካለ ለብቻ ተጽፎ በባለቤቱ እጅ ይፈረምበት።

ደረጃ 8፦ ቅሬታና የመረጃ ጥያቄ

ቅሬታ በቅድሚያ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይቀርባል። የልየታው አባል የሆነ ሰው ቅሬታ ሰሚ መሆን የለበትም፤ ከሆነ ይህንኑ ራሱን ቅሬታ አድርጋችሁ አቅርቡ። አንድ ወር ጠብቃችሁ መልስ ካጣችሁ ወደ ወረዳ ምክር ቤትና ወደ ወረዳው አደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ሂዱ (ስሙ በየመዋቅር ለውጡ ሊቀያየር ይችላል፤ ግብርና ጽሕፈት ቤት ብትጠይቁ ይጠቁሟችኋል)። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመዝግቡ። «እናየዋለን» የሚል መልስ ቁጥር የለውም።

ወረቀቱን ራሱን ለማየት የሚያስችላችሁ ሌላ መንገድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 እና የመረጃ ነጻነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ እንዲጠይቅ መብት ይሰጣሉ። ለምን እንደፈለጋችሁት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ ይሰጣል። መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ሊጠይቅ ይችላል፣ ሠራተኛው በጽሑፍ ያሰፍርለታል። የቅጂ ዋጋ ሊጠየቅ ይችላል።

ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «ስለ እርዳታው ሙሉ መረጃ ይሰጠን» የሚል ጥያቄ መልስ አያገኝም። እንዲህ ጻፉ፦

«ቀን ____
ለ____ ወረዳ አደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ ስለመጠየቅ
ለ____ ቀበሌ ከ____ ወር እስከ ____ ወር በተላከው እርዳታ ላይ የሚከተሉት ቅጂዎች እንዲሰጡን እንጠይቃለን። 1ኛ. ለቀበሌው የተመደበው የተጠቃሚ ኮታ። 2ኛ. እህሉ ከመጋዘን የወጣበት ሞዴል 22 ወይም ገንዘቡ የተላለፈበት ሰነድ። 3ኛ. የእደላው ጠቅላላ ድምር በሰውና በኪሎ (ወይም በብር)። 4ኛ. ለተመላሽ ወይም ለጉድለት የተያዘ ቃለ ጉባኤ ካለ። የግለሰቦችን የሒሳብም ሆነ የስልክ ቁጥር አንጠይቅም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር «የግል መረጃ ነው» የሚለውን መከልከያ ትዘጋለች። ከተከለከላችሁ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። የሐሰት ፊርማ ወይም የጠፋ እህል የሚያሳይ ወረቀት ከተገኘ ግን ጉዳዩ ከአስተዳደር በደል አልፎ ወንጀል ስለሆነ ወደ ክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ይሄዳል። ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 699/2003 ነው። ጠቋሚው ብቻውን ባይሄድ ይመረጣል፤ በአምስትና በስድስት ቤተሰብ ፊርማ የቀረበ ጥቆማ አንድ ሰው ላይ ቂም አያስቋጥርም።

ለኮሚቴ አባላት

ኮሚቴ ሆኖ ማገልገል ደመወዝ የሌለው፣ ሐሜት የማያጣው ሥራ ነው። ሐሜቱን የሚቀንሰው ወረቀት ነውና ለእናንተም ይጠቅማችኋል። ኮታው ከወረዳ በስልክ ከተነገራችሁ በደብዳቤ እስኪመጣ ልየታ አትጀምሩ። ከወረዳ «እነዚህን ስሞች ጨምሩ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በጽሑፍ ሲጠየቅ ትእዛዙ ብዙ ጊዜ ይቀራል። የራሳችሁ ቤተሰብ ስም ሲነሳ ከስብሰባው ውጡ፣ መውጣታችሁም ይጻፍ።

ሰኔ 2015 የአሜሪካ የልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል ለማይገባው እየዋለ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታን ሲያቆሙ፣ በጥፋቱ እጁ የሌለበት ገበሬ ጭምር ለወራት ቀለቡ ተቋርጦበት ነበር። ሲጀምሩም ተጠቃሚውን እንደ አዲስ መመዝገብ አስፈለገ፤ የቀበሌው የቆየ ዝርዝር ብቻውን አልበቃም።

የተረፈ እህል ወይም ብር ካለ በዚያው ሳምንት ለወረዳ ተመላሽ ይደረግ፣ እህሉ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ሰነድ)፣ ብሩ በገንዘብ ደረሰኝ ገቢ ይሁን፣ የደረሰኙ ቁጥር ከዝርዝሩ አጠገብ ይለጠፍ። የተጠቃሚ ካርዱን፣ ፎቶዎቹንና የተራ ቁጥሩን ገበሬው ከአረንጓዴ ደብተሩ ጋር በአንድ ላስቲክ ይያዝ፤ እስከ ቀጣዩ የመኸር ግምገማ ድረስ አይጣሉ፣ የዘር እደላው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ተራ ቁጥር ነው።